በኢንቦክስ የማውቀውን ሰዓሊ በአካል ላገኘው ነው፤ ምን ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የውሃ ቀለም ነው የምሠራው። ሊኖከት (የሊኖሊየም ሰሌዳ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተም) ከሚሠራ አንድ ሰዓሊ ጋር በኢንስታግራም ከተዋወቅን ዓመት አልፎናል። በየሳምንቱ ሥራ እንላላካለን፤ የእሱን ያህል ሥራዬን ያየ ሰው የለም። አሁን ለኤግዚቢሽን እኔ ወዳለሁበት ከተማ ሊመጣ ነው። ‹ስቱዲዮሽ መጥቼ አብረን እንሥራ፣ ሥራም እንለዋወጥ› አለኝ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ጨንቆኛል። እሱን የሚከተለው ብዙ ሺህ ሰው ነው፣ እኔን ጥቂት መቶ። ስቱዲዮ የምለውም የምኖርበት ቤት አንዱ ክፍል ነው። በጽሑፍ ተጫዋች ነኝ፣ በአካል ግን ዝምተኛ ነኝ። ሥራዎቼም በስልክ ከሚታዩት ያነሱ ይመስሉኛል። እንዴት ላድርገው? ልሰጠው ያሰብኩትን ሥዕልስ ፍሬም ላስገባው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ደስታሽም ጭንቀትሽም ይገባኛል። ሥዕል ከማስተማር ሌላ፣ በኢንተርኔት የተዋወቁ ሰዓሊዎችን ለጋራ ሥራ ማገናኘት ዋናው ሥራዬ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከዘረዘርሻቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከምታስቢው በላይ ቀላል ናቸው። አንዱ ብቻ፣ አንቺ እንደ ዋዛ ያለፍሽው፣ እኔን ያዝ አደረገኝ። የስቱዲዮው ነገር ነው። ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያ ቀን ቤትሽ አይምጣ።

ሰውየውን ጠርጥሬው አይደለም። ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሥራ ስትላላኩ እጁን አውቀሻል፣ ምርጫውን አውቀሻል፣ ምን እንደሚያስቀውም ሳታውቂ አትቀሪም። «አይሆንም» ሲባል ምን እንደሚያደርግ ግን አላየሽም። ይህ ደግሞ በጽሑፍ የሚታይ ነገር አይደለም። የእኛ ሙያ በዚህ በኩል አንድ ወጥመድ አለው፤ አንድ የማታውቂው ሰው «ቤትሽ ልምጣ» ቢልሽ ቆም ብለሽ ታስቢያለሽ፣ «ስቱዲዮሽን ልይ» ሲልሽ ግን የሥራ ጉዳይ ስለሚመስል እምቢ ማለት እንደ ብልግና ይቆጠርብኛል ብለሽ ትሰጊያለሽ። ቦታው አንድ ነው። ከኋላው ያለው አልጋሽ፣ በሩ፣ አድራሻሽ ሁሉ ያው ነው።

ለእሱ የምትጽፊው አጭር ይሁን። «ስቱዲዮዬ ቤቴ ውስጥ ነው፤ ለመጀመሪያው ቀን ኤግዚቢሽኑ ላይ እንገናኝ፣ ከዚያ እዚያው አካባቢ ቁጭ ብለን እንሥላለን» በይው። ይቅርታ አትጨምሪበት፣ ምክንያትም አትደርድሪ። ጤነኛ ሰው «እሺ፣ ስንት ሰዓት?» ነው የሚልሽ። ቅር ካለው፣ ከተከራከረሽ፣ «አታምኚኝም ማለት ነው?» ካለሽ፣ ገና ከቤት ሳትወጪ ትልቅ ነገር ተማርሽ ማለት ነው።

ቀሪው የጥንቃቄ ነገር ብዙ ሐተታ አይፈልግም። በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ለአንድ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ የስልክሽን ሎኬሽን ሼር አድርጊለት። ሄደሽ የምትመለሺበት ትራንስፖርት የራስሽ ይሁን። ኤግዚቢሽኑ መኖሩን ደግሞ ከእሱ አፍ ብቻ ሳይሆን ከአዘጋጁ ገጽ ላይ አረጋግጪ፣ ስሙ አለ ወይ? ከሥራዎቹ ሁለት ሦስቱን በምስል ፍለጋ አስገብተሽ በሌላ ሰው ስም የሚወጡ መሆን አለመሆናቸውን ማየትም ደቂቃ አይፈጅም። ከመገናኘታችሁ በፊት ለማጓጓዣ፣ ለመመዝገቢያ፣ ለምንም ይሁን ለምን ገንዘብ ከጠየቀሽ ነገሩ እዚያው ላይ ይቁም። ሰዓሊዎችን ብቻ እያሳደደ የሚያጭበረብር ብዙ አለ። በተለይ «ሥዕልሽን ልግዛ» ብሎ ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሽልኝ» የሚለው ዘዴ ያረጀ ነው፣ ግን ዛሬም ሰው ይበላል። የአንቺው ሰው እንዲህ ነው አላልኩም፤ ለሌላም አንባቢ ይጠቅማል ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመገናኘታችሁ በፊት አድርጊ፤ በቪዲዮ ደውይለት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ለደኅንነት ብቻ አይደለም። በአካል ስትገናኙ በጣም ግር የሚለው ድምፁ ነው። ዓመት ሙሉ ጽሑፉን ስታነቢ በራስሽ ድምፅ ነበር ያነበብሽው፤ ፊት ለፊት ሲናገር ሌላ ሰው የመጣ ይመስላል። ያንን ድንጋጤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ጨርሺው።

አሁን ወደ ዝምታሽ እንምጣ። «በጽሑፍ ተጫዋች፣ በአካል ዝምተኛ» ያልሽው እኔ ከማገናኛቸው ሰዎች ግማሹን የሚገልጽ ነው። ጆሴፍ ዋልተር የሚባል የኮሙኒኬሽን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን በደንብ አብራርቶታል። በጽሑፍ የሚገናኙ ሰዎች ለማሰብ ጊዜ አላቸው፣ ቃል ይመርጣሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። አንባቢው ደግሞ የጎደለውን በጎ በጎውን እያሰበ ይሞላዋል። ስለዚህ በጽሑፍ የተፈጠረ ቅርርብ አንዳንዴ በአካል ከሚፈጠረውም ይበልጣል፣ ሁለቱም ወገን ሌላውን ከልኩ በላይ ቆንጆ አድርጎ ይስለዋልና። እንግዲህ አንቺ ስለ እሱ ያሰብሽውን ያህል እሱም ስለ አንቺ አስቧል። አንቺ ብቻ አይደለሽም «ከተባልኩት አንሼ እገኝ ይሆን» ብለሽ የምትፈሪው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ ሰዎችን እያወያየ ከዚያ በኋላ ለየብቻ ይጠይቃቸዋል፤ ምን ያህል ወደድከው? እሱስ ምን ያህል የወደደህ ይመስልሃል? ሰዎቹ በተደጋጋሚ የተወደዱትን ያህል የተወደዱ አልመሰላቸውም። አንድ ዶርም አብረው በሚኖሩ ተማሪዎች ላይም ይህ ስሜት ለወራት አልጠፋም። ስለዚህ ያን ቀን ወደ ቤት ስትመለሺ «ምን ነካኝ? ምን አይነት ደደብ ነገር ነው የተናገርኩት?» የሚል ነገር በጭንቅላትሽ መዞሩ አይቀርም። ይዙር። ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። የእናንተን ወዳጅነት እስካሁን የተሸከመው ወሬ አይደለም፤ ሥራ ነው። በየሳምንቱ ሥዕል ይላካል፣ ስለ ሥዕሉ ትንሽ ይወራል፣ በዚያው ሳቅ ይመጣል። በአካል ስትገናኙ ይህን አውጥታችሁ ጥላችሁ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ «እሺ፣ እንዴት ነህ?» «ደህና፣ አንቺስ?» ብትባባሉ ለሁለታችሁም እንደ ሥራ ቃለ መጠይቅ ነው የሚሆንባችሁ። የመጀመሪያውንም ቀን ሥዕሉ ይሸከመው። አብራችሁ የምታዩት ነገር፣ ቀጥሎ አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ይኑር። ወሬው በመሃል ራሱ ይመጣል። ባይመጣም፣ እየሣለ ዝም ያለን ሰው «ለምን ዝም አለ?» የሚል የለም።

አዲስ ነገር እየነገርኩሽ አይደለም፤ ሰዓሊዎች ሳይገናኙ መወዳጀት የጀመሩት ኢንተርኔት ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ቪንሰንት ቫን ጎግንና ፖል ጎጋንን ውሰጂ። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1887 መጨረሻ ተዋውቀው ሥራ ተለዋውጠዋል፤ ትውውቃቸው ግን ለጥቂት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው ደብዳቤ ነው። እንዲያውም በ1888 መኸር ላይ ራሳቸውን እየሣሉ ተላላኩ፤ የዚያ ዘመን የፕሮፋይል ፎቶ በይው። ጎጋን ጥቅምት 23 ቀን 1888 ንጋት ሳይቀድ ቪንሰንት ወደሚኖርባት የፈረንሳይ ከተማ ወደ አርል፣ አብሮት ሊኖርና ሊሠራ ሲደርስ፣ ቪንሰንትን ከእንቅልፉ ላለመቀስቀስ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሚያድር ካፌ ውስጥ ቁጭ አለ። ባለቤቱ ገና ሲያየው ለየው። ለካ ቪንሰንት ያንን የተላከለትን ሥዕል ለሰውየው አሳይቶት ኖሯል። ታሪኩን የጻፈው ራሱ ጎጋን ነው።

መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሁለት ወር እንደሞላቸው፣ ታኅሣሥ 23 ምሽት፣ ቪንሰንት የገዛ ጆሮውን የቆረጠበት ነገር መጣ። ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሳ «ሁለት ሰዓሊ አንድ ቤት አይስማማም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ሁኔታውን ነው የማየው። ቤቷ ትንሽ ናት፤ ጎጋን ወደ መኝታ ክፍሉ የሚገባው በቪንሰንት መኝታ ክፍል አልፎ ነበር። የጎጋንን ወጪ በየወሩ የሚከፍለው በሥዕል ልዋጭ የቪንሰንት ወንድም ነው፣ ስለዚህ እንግድነቱ ውስጥ ዕዳም አለበት። ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ደጅ ወጥቶ መሣል ቀረና አንድ ክፍል ውስጥ ተዘጉ፤ አንዱ ከተፈጥሮ እያዩ መሣል ሲል ሌላው ከሐሳብ ይላል፣ ክርክሩ አያልቅም። መውጫ የሌለው መገናኘት ነበር። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ በአካል ዳግመኛ ባይተያዩም ቪንሰንት በ1890 እስኪሞት ድረስ መጻጻፋቸውን አላቆሙም። ወዳጅነቱ በደብዳቤ ሲሆን ይሠራል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን አይሠራም። እንዲህ ያሉ ወዳጅነቶች አሉ፣ ነውርም የላቸውም።

ስለዚህ መገናኛችሁ መጨረሻው የታወቀ ይሁን። ሁለት ሰዓት ይበቃል። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነፃ ነኝ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ጥሩ ከሆነ ሌላ ቀን ትቀጥላላችሁ፣ ካልሆነም ማንም ሳይቀየም ትለያያላችሁ።

በዚህ በኩል የማደንቃቸው በፖስታ ሥዕል ይላላኩ የነበሩትን ሰዓሊዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ሰዓሊ ሬይ ጆንሰን ትናንሽ ሥራዎችን በፖስታ እየላከ፣ «ይህን ጨምርበትና ለእገሌ ላክ» እያለ አንድ ትልቅ መረብ ዘረጋ። ብዙዎቹ ተያይተው አያውቁም። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ሃንስ ሩዲ ፍሪከርና ጉንተር ሩክ የሚባሉ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን አንድ ሐሳብ አመጡ፤ በዚህ ዓመት በየትኛውም የዓለም ክፍል ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የፖስታ ሰዓሊዎች ከተገናኙ፣ ያ ጉባኤ ይባል። አዳራሽ የለ፣ ፕሮግራም የለ፣ የመክፈቻ ንግግር የለ። ዓመቱን ሙሉ በየአገሩ እንዲያ ተገናኙ። እኔ ይህን የምወደው መገናኘትን አሳንሶ ስላቀለለው ነው። አንቺም ነገሩን አሳንሺው። «ሕይወቴን የሚቀይር ቀን» አታድርጊው።

ካሜራ ሳይሆን ደብተር ይዘው የሚወጡትን የአርባን ስኬቸርስ ሰዎችም ተመልከቺ። ጋብሪኤል ካምፓናርዮ የተባለ ጋዜጠኛና ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ፍሊከር በሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ የጀመረው ስብስብ ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች በ2010 አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ላይ ለመጀመሪያው ትልቅ ስብሰባ ተገናኙ። የእነሱ ልማድ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ሁሉም በየፊናው ይሥላል፣ ሲጨርሱ ደብተሮቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ያያሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። ትውውቅ ቀጥሎ ሥራ አይደለም፤ ሥራ ቀጥሎ ትውውቅ ነው።

እንግዲህ የእናንተን ቀን እኔ ባዘጋጀው ኖሮ እንዲህ አደርገው ነበር። ኤግዚቢሽኑ ላይ ትገናኛላችሁ፣ ግን መክፈቻው ቀን አይደለም። በመክፈቻ ቀን እሱ የሰው ሁሉ ነው፤ ሲጨባበጥ፣ ፎቶ ሲነሳ፣ አንቺን በየሦስት ደቂቃው ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል፣ አንቺም ጥግ ይዘሽ ስልክሽን ስትነካኪ ትውያለሽ። በማግስቱ ወይም ሌላ ጸጥ ያለ ቀን ይሁን። መጀመሪያ የእሱን ሥራ ተዘዋውራችሁ እዩ። እዚህ ላይ አትቸኩይ። «ዋው» ብለሽ አትለፊው፤ ዋውን በኮመንት ጠግቦታል። ቀረብ ብለሽ እይ። የሊኖከት ሕትመት በስክሪን የማይታይ ነገር አለው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠበት ውፍረት፣ ማተሚያው የጫነው የሰሌዳው ጠርዝ፣ ቢላው ስቶ የተወው ጭረት። ከእነዚህ አንዱን አይተሽ «ይህችን ጭረት ሆን ብለህ ነው የተውካት?» ብትይው ለግማሽ ሰዓት የሚበቃ ወሬ ከፈትሽ ማለት ነው።

ቀጥሎ እዚያው አካባቢ፣ ብርሃን ባለበት፣ ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። ስለ «አብሮ መሥራት» ግን ላስጠንቅቅሽ፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ላይ ለሁለት ቁም ነገር ያለው ሥራ አትጀምሩ። አንቺ እርጥብ ወረቀት ላይ በፍጥነት የምትወስኚ ሰው ነሽ፤ እሱ አስቀድሞ አስቦ፣ ገልብጦ፣ ቀስ እያለ የሚቀርጽ ሰው ነው። ፍጥነታችሁ አይገጥምም፣ ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ በትሕትና ይሰቃያል። በየራሳችሁ ወረቀት አንድ ነገር ሣሉ። ወይም ሱሪያሊስቶቹ (ሕልምንና ያልታሰበ ነገርን የሚወዱት የጥበብ ሰዎች) እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ውስጥ የጀመሯትን የተጣጠፈ ወረቀት ጨዋታ ተጫወቱ፤ አንዱ ራስ ይሥልና መስመሮቹን ጫፋቸውን ብቻ አስቀርቶ ያጥፈዋል፣ ሌላው ሳያይ ደረት ይቀጥላል፣ ከዚያ እግር። ሲገለጥ የሚወጣው ነገር አስቂኝ ነው። ጥሩ መሣል አይጠበቅብሽም፣ ማንም ከማንም አይበልጥም። እንደ እሷ በረዶ የሚሰብር ነገር አላየሁም ልልሽ ነበር፣ በአማርኛ እንጃ እንዴት እንደሚባል፤ ብቻ ሰው ይፈታል።

ሥራዎቼ በስልክ ከሚታዩት ያንሳሉ ያልሽውን ደግሞ አልቀበልም። ይለያሉ እንጂ አያንሱም። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ብርሃን ይመልሳል፤ ስለዚህ ስልክ ላይ ሁሉም ነገር ከውስጥ የበራ ይመስላል። ካሜራው ራሱ ደግሞ ሳትጠይቂው ንፅፅሩን ያጠነክራል፣ ቀለሙን ያደምቃል። በአንጻሩ የስልክ ስክሪን የማያወጣቸው ቀለሞች አሉ፤ አንዳንድ ወደ አረንጓዴ የሚሄዱ ጥልቅ ሰማያዊዎች፣ የሚያበሩ ሮዝ ቀለሞች፣ እነዚህ በአካል ካልታዩ አይታዩም። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም በሸካራ ወረቀት ላይ ሲደርቅ ቅንጣቱ ጉድጓዱ ውስጥ እየተኛ የሚሠራውን ነገር የትኛው ፎቶ አሳየው? ይህ ሰው ዓመት ሙሉ ሥራሽን አይቷል ብለሻል፤ እውነቱን ለመናገር ገና አላየውም።

የሚያስደነግጠው ከቀለሙ ይልቅ መጠኑ ነው። ስልክ ሁሉንም የመዳፍ ያህል ያደርገዋል። ግድግዳ የሚያክል የመሰለሽ የእሱ ሥራ ደብተር የሚያህል ሊሆን ይችላል፣ የአንቺም እንዲሁ ለእሱ። ሲያይ ፊቱ ትንሽ ቢለዋወጥ «አልወደደውም» አትበይ፤ ዓይኑ መጠኑን እያስተካከለ ነው። ጊዜ ስጪው። ያን ዝምታ በይቅርታ አትሙዪው! «ይሄ እንኳን ብዙም አላማረም፣ ቸኩዬ ነው የሠራሁት» የሚለውን ነገር ሰዓሊ ሁሉ ይላል፣ ለአድማጩ ግን ትርፉ አንቺን የማጽናናት ሥራ ብቻ ነው።

ምን ይዤ ልሂድ ካልሽ፣ ምርጦችሽን ብቻ መርጠሽ አትሂጂ። የንድፍ ደብተርሽን ያዢ፣ የተበላሹ ገጾች ያሉበትን። ምርጦቹንማ ፖስት አድርገሻቸዋል፣ አይቷቸዋል። ያላለቀ፣ የተጣበቅሽበት አንድ ሥራም ጨምሪ። «እዚህ ላይ ቀርቻለሁ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ማለት በእኩዮች መካከል ያለ ወሬ ነው። የተከታይ ብዛት የሚረሳውም እዚያ ላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ ስለ ተከታይ ቁጥር አንዲት ቃል አታንሺ፣ በቀልድም ቢሆን። «እኔ ማን ነኝ፣ አንተ እኮ…» ካልሽ ሰውየው ያልነበረበትን ወንበር ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ መውረድም ይከብደዋል። ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሥራውን የላከልሽ ተከታይ ስላጣ አይደለም።

ትችትን በተመለከተ፣ ካልተጠየቅሽ አትተቺ፣ እሱም ሳትጠይቂው ከጀመረ «ዛሬ ይቅርብኝ፣ ሌላ ቀን በደንብ ነው የምሰማህ» ማለት ትችያለሽ። በኢንቦክስ ሲሆን ትችት ተነቦ፣ ታድሮበት ነው የሚመለስበት። ፊት ለፊት ግን ፊትሽ ወዲያው ይመልሳል።

ፎቶም አለ። የእሱን ደብተር፣ ያልታዩ ሥራዎቹን ሳታስፈቅጂ አታንሺ፣ አትለጥፊም። የሠሌዳ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በተለይ ያልታተመ ሥራቸው ሲወጣ አይወዱም። አንቺም ፊትሽ ወይም ሥራሽ እንዲለጠፍ ካልፈለግሽ ቀድመሽ ተናገሪ። እሱ ብዙ ሺህ ተከታይ አለው፤ አንድ ስቶሪ ቢለጥፍ የት እንዳላችሁ ያ ሁሉ ሰው በዚያች ደቂቃ ያውቃል። ከተለያያችሁ በኋላ ይለጥፈው።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ወንድና ሴት ስለሆናችሁ ከሁለት አንዳችሁ ከሥዕል ያለፈ ነገር አስቦ ሊሆን ይችላል። ቢሆን ወንጀል አይደለም፣ ግን በሥራ ስም ተሸፍኖ መምጣት የለበትም። አንቺ የምትፈልጊው የሙያ ወዳጅነት ብቻ ከሆነ፣ ቀን ላይ፣ ደብተር ይዘሽ፣ ሰዓት ወስነሽ መሄድሽ ራሱ ይናገርልሻል። ያ ካልገባው ደግሞ በግልጽ ይነገረው። የሥዕል ጓደኛ ይዘሽ መሄድም ትችያለሽ፤ ሦስት ሆኖ መሣል እንዲያውም ይቀላል።

ልውውጡ ላይ ደርሰናል። እዚያው ዕለት መለዋወጥ ግዴታ አይደለም፤ «መጀመሪያ እንተያይ፣ ከዚያ እንመራረጥ» ብትሉ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም በስልክ የወደድሽው ሥራ በአካል ሌላ ሊሆንብሽ ይችላል። ልዩነታችሁንም እወቂ። የእሱ ሕትመት ከአንድ ሰሌዳ የወጣ ነው፤ ከሥር በግራ በኩል በእርሳስ 4/20 ተብሎ ከተጻፈ ከሃያው አራተኛው ማለት ነው፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ፊርማው ይኖራል። የአንቺ የውሃ ቀለም ግን አንድ ብቻ ነው፣ ከሄደ ሄደ። ይህ ልውውጡን ፍትሐዊ ያልሆነ አያደርገውም፣ ግን ከሥራሽ ሁሉ የምትሳሺለትን አትስጪ፤ በኋላ በየፖስቱ ግድግዳው ላይ እያየሽው ትብሰለሰያለሽ። ከመስጠትሽ በፊት በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺው ወይም ስካን አስደርጊው።

ሥዕሉን ስትሰጪው ደግሞ ወረቀቱን ነው የሰጠሽው። በብዙ አገሮች ሕግ የማባዛት መብቱ ካልተጻፈ በቀር ከሠራው ሰው ጋር ይቀራል። እሱ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፣ ቲሸርት ላይ ግን አያትመውም፤ አንቺም የእሱን እንደዚያው። አንድ ቀን በእውነት በጋራ ከሠራችሁ፣ ማን ይይዘዋል፣ ይሸጣል ወይ፣ ሲለጠፍ የማን ስም ይቀድማል የሚለውን በሁለት መስመር መልእክት ተነጋገሩና አስቀምጡት። የጋራ ሥራ ላይ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ እናንተ ደግሞ የተለያየ ቦታ ነው የምትኖሩት። ለመፋቀርም ለመጣላትም ሳይሆን፣ ሰው ስለሚረሳ ነው የሚጻፈው።

ከተለያያችሁ በኋላ በማግስቱ አጭር መልእክት ላኪለት። ያየሽውን አንድ ሥራ ጠቅሰሽ፣ በቃ። ቀኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ካለፈም በዚያው ሳምንት እንደ ልማድሽ ሥራሽን ላኪ። ብዙ ወዳጅነት ከአንድ የማይመች ከሰዓት በኋላ በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ አይቻለሁ።

ፍሬሙን በተመለከተ፣ አታስገቢው። ሰውየው መንገደኛ ነው፤ መስታወት ሻንጣ ውስጥ ከተሰበረ የሚቆርጠው ሥዕልሽን ነው። በዚያ ላይ የፍሬም ምርጫ የሚሰቅለው ሰው ነው። ሥዕሉን አሲድ በሌለው ቀጭን ወረቀት ሸፍኚው፣ ከሥዕሉ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት የሚተርፉ ሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መሃል አስገቢው። ፕላስተር ሥዕሉ ላይ አታድርጊ፤ አራቱን ማዕዘን በወረቀት ኪስ ያዢው። ዙሪያውን ካርቶኖቹን እርስ በርስ አጣብቂና ውሃ በማያስገባ ነገር ጠቅልይው። የተጠቀምሽው ቀለም ውስጥ እንደ ኦፔራ ሮዝ ያለ ቶሎ የሚለቅ ካለ ንገሪው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ይስቀለው። ከጀርባው ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ስምሽንና የወረቀቱን ዓይነት ጠርዝ ላይ ጻፊ። በእስክሪብቶ አይሁን፣ እርጥበት ካገኘው ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሚ፣ እሱንም አትጫኚው፤ ፊት ለፊት ስንጥቅ መስሎ ይወጣል።